ክብደት ሲጨምር የወር አበባ ለምን ይዛባል? የቻይና ባህላዊ ሕክምና መልስና ዘመናዊው ምርመራ

አንዲት ሴት በአንድ ዓመት ውስጥ ስምንት ወይም አሥር ኪሎ ትጨምራለች። በየወሩ ቀኑን ጠብቆ ይመጣ የነበረው የወር አበባዋ መዘግየት ይጀምራል፤ ቆይቶ ወር ይዘላል፤ ሲመጣም አንዳንዴ ጠብ ብሎ ይቀራል፣ አንዳንዴ ደግሞ አልቆም ይላል። ይህች ሴት የቻይና ባህላዊ ሕክምና ባለሙያ ዘንድ ብትሄድ ሁለቱን ችግሮች ነጣጥሎ አያይላትም። ምላሷን አስወጥታ እንድታሳየው ይጠይቃታል፣ የእጅ አንጓዋን ትርታ በሦስት ጣቶቹ ይዳስሳል፣ ከዚያ «ጣፊያሽ ደክሟል፤ አክታና እርጥበት ማሕፀንሽን ዘግቶታል» ሊላት ይችላል።

ይህን የሰማች ሴት ብትደነግጥ አይፈረድባትም። አልትራሳውንድ ብትነሣ ጣፊያዋ ጤነኛ ነው፤ ማሕፀኗ ውስጥም አክታ የለም። ታዲያ ባለሙያው ያለው ምንድን ነው?

መጀመሪያ፦ «ተዛባ» የሚባለው መቼ ነው?

ቆጠራው ደም በትክክል መፍሰስ ከጀመረበት ቀን ተነሥቶ የሚቀጥለው የወር አበባ እስከሚጀምርበት ቀን ነው። ከዋዜማው የምትታይ ጠብታ አትቆጠርም፤ ደሙ የቆመበት ቀንም መነሻ አይሆንም። በአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ልዩነት ጤናማ ነው። ስለዚህ 28 ቀን ያልሞላ ወይም ያለፈ ሁሉ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ልጃገረድ የወር አበባ ካየች በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ዓመታት እስከ 45 ቀን መራራቁ የተለመደ ነው፤ ማረጥ ሲቃረብም እንዲሁ ይዋዥቃል።

በእኛ አቆጣጠር ለሚመዘግቡ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ፣ ጥቅምት 10 የጀመረ ኅዳር 10 ቢመለስ ልክ 30 ቀን ነው። ነሐሴ 10 የጀመረ መስከረም 10 ቢመለስ ግን ጳጉሜን በመሀል ስላለች 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። በመስከረም «ዘገየብኝ» ከማለት በፊት ጳጉሜንን መቁጠር ያስፈልጋል።

የቻይና ሐኪሞች መዛባቱን በሦስት ይከፍሉታል፦ ከሰባት ቀን በላይ የሚቀድም፣ ከሰባት ቀን በላይ የሚዘገይ፣ አንዴ የሚቀድም አንዴ የሚዘገይ። ለወራት ጨርሶ የጠፋው ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ከክብደት ጋር አብሮ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘገየው ነው፤ እየከረመም ወደ መጥፋት ያዘነብላል።

«ጣፊያ ደክሟል» ምን ማለት ነው?

በቻይና ሕክምና «ጣፊያ» የሚባለው በግራ ጎን ያለው ሥጋ ሳይሆን ሥራ ነው፤ ምግብን ወደ ጉልበትና ወደ ደም የመለወጥና ፈሳሽን በሰውነት ውስጥ የማዘዋወር ሥራ። በዘመናዊ ቋንቋ ሆድ፣ አንጀት፣ ቆሽትና የሰውነት ጉልበት አጠቃቀም በአንድ ላይ የሚሠሩትን ይመስላል። «ኩላሊት» ሲሉም ሽንት ከማጣራት ይልቅ እድገትን፣ መውለድንና እርጅናን የሚመራውን ኃይል ማለታቸው ነው፤ «ጉበት» ደግሞ የስሜትንና የደምን ዝውውር ያሳልጣል።

ሥራው በድስት ይመሰላል። ከሥር ያለው እሳት በቂ ከሆነ ወጡ ይበስላል፣ እንፋሎቱም ይወጣል። እሳቱ ከደከመ ግን ውኃው አይተንም፣ ወጡ ቀጥኖ ሳይበስል ይቀራል። «እርጥበት» የሚሉት እንደዚያ ሳይለወጥ የቀረውን ነው። እርጥበቱ ብዙ ጊዜ ሲቀመጥ ይወፍርና ይጣበቃል፤ ያን ጊዜ ስሙ «አክታ» ይሆናል። ከደረት በሳል የሚወጣው አክታ አንዱ ዓይነት ብቻ ነው። ከቆዳ ሥር የሚጠራቀመውን ስብም የአክታና የእርጥበት ውጤት አድርገው ይቆጥሩታል።

እሳቱን የሚያደክሙት ጣፋጭና ቅባት ማብዛት፣ ሰዓቱን ያልጠበቀ አበላል፣ ብዙ መቀመጥ፣ ማሰላሰልና ጭንቀት ናቸው ይላሉ። ጥሬና ቀዝቃዛ ምግብንም ይጨምራሉ። ይህ የመጨረሻው ከባህሉ የመጣ ምክር ነው፤ ቀዝቃዛ ውኃ መጠጣት የወር አበባን ያዛባል የሚል የተረጋገጠ የዘመናዊ ሕክምና ማስረጃ የለም።

አክታው ማሕፀን ጋ እንዴት ይደርሳል?

ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በተጠናቀረው የቻይና ሕክምና መሠረታዊ ትምህርት የሴት ሕይወት በሰባት በሰባት ዓመት ይከፈላል። በ14 ዓመቷ የኩላሊት ኃይል ሲበስል ሬን እና ቾንግ የሚባሉ ሁለት የደምና የጉልበት መሄጃ መስመሮች ይከፈታሉ፣ የወር አበባ ይመጣል፤ በ49 ይደርቃሉ። የወር አበባ ቀኑን ጠብቆ እንዲመጣ መስመሮቹ ክፍት መሆን አለባቸው፣ ደምም ሊሞላቸው ይገባል። የደከመ ጣፊያ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ያበላሻል፦ ደም ያሳንሳል፣ አክታ ደግሞ መንገዱን ይዘጋል።

ውፍረትንና የወር አበባ መቅረትን በግልጽ ካያያዙት መካከል ከ1281 እስከ 1358 (እ.ኤ.አ.) የኖረው ቻይናዊ ሐኪም ዡ ዳንሺ ይጠቀሳል። በወፍራም ሴት ላይ የሰውነት ስብ ሞልቶ ማሕፀንን እንደሚዘጋና መፀነስን እንደሚከለክል ጻፈ። ከእርሱ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የመጣው ፉ ቺንግዡ (1607–1684 እ.ኤ.አ.) አንድ አስፈላጊ ነገር አከለበት። ውኃና አክታን ማስወጣት ብቻውን አይበቃም፤ የጣፊያው ኃይል ካልተጠናከረ እርጥበቱ አይለቅም አለ። ዛሬም ጥሩ ባለሙያን ከአስቀማጭ ሻይ ሻጭ የሚለየው ይህ ነጥብ ነው።

ክብደት የጨመረች ሴት ሁሉ «አክታ» አለባት ማለት ነው?

አይደለም። የአክታና እርጥበት መልክ የሚባለው የራሱ ምልክቶች አሉት። የወር አበባው ይዘገያል፣ ቀለሙ ፈዘዝ ይላል፣ ይጣበቃል። በመሀል ነጭ ፈሳሽ ይበዛል። ሴትየዋ እጅና እግሯ ይከብዳታል፣ ከምግብ በኋላ እንቅልፍ ይጥላታል፣ ሆዷ ይነፋል፣ ሰገራዋ ይላላል። ምላሷ ያብጥና ጠርዙ ላይ የጥርስ አሻራ ይታያል፤ ከላይ ነጭና ወፍራም ሽፋን ይይዛል። ትርታዋ በጣት ሥር እንደሚንከባለል ዶቃ ይንሸራተታል ይላሉ። የሚንሸራተት ትርታ ግን በእርግዝናም ጊዜ የሚጠበቅ ነው፤ ስለዚህ በትርታ ብቻ መወሰን አይቻልም።

ሌሎቹም መልኮች የየራሳቸው ምልክት አላቸው። ብጉር፣ ንዴት፣ የጡት መወጠር፣ የአፍ መምረርና ድርቀት ካሉ «ጉበት ታፍኖ ጋለ» ይባላል። ብርድ ብርድ ማለት፣ የወገብ መድከምና የእግር እብጠት ወደ ኩላሊት ያመለክታሉ። ጠቆር ያለ፣ ከሕመም ጋር የሚወጣ የረጋ ደም የደም መቋጠር ነው። አንዲት ሴት ሁለት ሦስቱን አጣምራ ልትይዝ ትችላለች፤ ለጎረቤቷ የሠራው መድኃኒት ለእርሷ የማይታዘዘውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዘመናዊ ሕክምናስ ይህን እንዴት ያብራራል?

ወገብ አካባቢ ስብ ሲበዛ ጡንቻና ጉበት ኢንሱሊን ለሚባለው ሆርሞን ይደነዝዛሉ። ቆሽት ድንዛዜውን ለማሸነፍ ኢንሱሊን ያበዛል። የበዛው ኢንሱሊን የእንቁላል እጢዎችን (ኦቫሪዎችን) የወንድ ሆርሞን አብዝተው እንዲያመርቱ ይገፋል፤ ጉበትም ያንን ሆርሞን በደም ውስጥ ይዞ የሚያስቀምጠውን ፕሮቲን ያሳንሳል። ውጤቱ ብጉር፣ በአገጭና በሆድ ላይ ፀጉር፣ የራስ ፀጉር መሳሳት ነው። ትናንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ማደግ ይጀምሩና በመሀል ይቆማሉ፤ እንቁላል አይወጣም።

እንቁላል ካልወጣ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን አይመረትም። የማሕፀን ውስጠኛ ሽፋን በኢስትሮጅን ብቻ እየወፈረ ይሄዳል፤ የስብ ሕዋሳትም ራሳቸው ኢስትሮጅን ስለሚሠሩ ይጨምሩበታል። በወቅቱ «ርገፍ» የሚለው ምልክት የለም። ስለዚህ የወር አበባው ይዘገያል፤ ሽፋኑ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ባልተጠበቀ ቀን በብዛት ይፈርሳል። ለዓመታት እንዲህ ከቀጠለ የማሕፀን ሽፋን ካንሰር ዕድል ይጨምራል። የወር አበባ መቅረት ከመውለድ ጋር ብቻ የተያያዘ ጉዳይ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ ልጅ የማትፈልግ ሴትም ችላ ልትለው አይገባም።

ይህ ሁኔታ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድሮም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 በሮተርዳም በተደረሰ ስምምነት መሠረት ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ሲገኙና ሌላ ምክንያት ሲወገድ ነው ስሙ የሚሰጠው፦ የእንቁላል አወጣጥ መዛባት፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት፣ በአልትራሳውንድ የሚታይ የከረጢቶች መብዛት። ቀጫጭን ሴቶችም ይይዛቸዋል።

አክታ ኢንሱሊን ነው ማለት ግን ልክ አይመጣም። የቻይና ሐኪሞች ያስተዋሉት ምልክቶቹ ተያይዘው መምጣታቸውን ነው፤ ምክንያቱን የገለጹት በዘመናቸው ቋንቋ ነው። ማስተዋላቸው ትክክል መሆኑ ማብራሪያቸውንም ሆነ መድኃኒታቸውን በራሱ ትክክል አያደርገውም። መድኃኒቱ ለብቻው መፈተን አለበት።

ከማንኛውም ሕክምና በፊት ምን ይጣራ?

እርግዝና። ክብደት ጨምሮ የወር አበባ ሲቀር የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሽንት ምርመራው በየፋርማሲው አለ። የወር አበባ መዛባቱ እርግዝናን አይከላከልም፤ ለስድስት ወር የጠፋባት ሴትም ሳታስበው ልትፀንስ ትችላለች።

ቀጥሎ የሚጠየቀው የእርግዝና መከላከያ ነው፤ በአገራችን ይህ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። ብዙ ሴቶች የሚወስዱት የሦስት ወር መርፌ ክብደት ሊጨምር፣ የወር አበባን ሊያዛባና ሊያስቀር ይችላል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውም ደም ያዛባል። መርፌው የወር አበባን ሲያስቀር ግን የማሕፀኑ ሽፋን ስስ ሆኖ ይቆያል እንጂ በውስጡ ደም አይጠራቀምም። ካቆሙት በኋላ ዑደቱ እስኪመለስ ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል። ይህን ሳይጠይቅ «አክታ ነው» ብሎ ዕፅ የሚሰጥ ሰው ከመጀመሪያው መንገድ ስቷል።

ከዚያ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ እጢ) እና የፕሮላክቲን (የጡት ወተት የሚያመጣ ሆርሞን) የደም ምርመራ፣ የስኳርና የደም ግፊት ልኬት፣ አልትራሳውንድ ይከተላሉ። የታይሮይድ ማነስ ክብደት ይጨምራል፣ ብርድ ብርድ ያሰኛል፣ የወር አበባ ያዛባል፤ በቻይና አገላለጽ የኩላሊት ድካም ከሚባለው ጋር በምልክት ይመሳሰላል። የሚታከመው ግን በታይሮይድ ክኒን ነው። ስቴሮይድ ያለባቸውን መድኃኒቶችና አንዳንድ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶችንም ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

የዕፅ መድኃኒቱ ውስጥ ምን አለ?

ለዚህ መልክ በብዛት የሚጠቀሰው ድብልቅ ጻንግ ፉ ዳኦ ታን ይባላል። እርጥበት የሚያደርቀው ጻንግ ዡ የተባለ ሥር፣ የታፈነውን የሚከፍተው ሺያንግ ፉ (ከእንግጫ ወገን የሆነ ተክል ሥር)፣ አክታ የሚሰብረው ባን ሺያ፣ የመንደሪን ልጣጭ፣ በጥድ ሥር የሚበቅለው ፉ ሊንግ የተባለ እንጉዳይ፣ ደም የሚያንቀሳቅሰው ቿን ሺዮንግና ሌሎችም ይገቡበታል። የእያንዳንዱ የቀን መጠን ትንሽ ነው፦ ጻንግ ዡ ከ3 እስከ 9 ግራም፣ ፉ ሊንግ ከ10 እስከ 15 ግራም። በውኃ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል፣ ከፈላ በኋላ በቀስታ እሳት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቀቀላል፣ ይጠለላል፤ ሌላ ውኃ ተጨምሮ ይደገማል፤ ሁለቱ ተቀላቅለው ጧትና ማታ ይጠጣሉ።

መጠኑ እዚህ የተጻፈው ቤት ውስጥ እንዲቀመም አይደለም። ባን ሺያ ጥሬውን መርዝ ነው፤ አፍና ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ያሳብጣል። በዝንጅብል ወይም በሌላ መንገድ በባለሙያ ተዘጋጅቶ ካልሆነ አይወሰድም። በብዙ ድብልቆች የሚጨመረው ጋን ጻኦ (ሊኮሪስ) ሲበዛ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየም ያወርዳል። ለወር አበባ የሚታዘዘው ዳንግ ጉዊ ደግሞ ከደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ጋር ተጋጭቶ ደም ሊያፈስስ ይችላል። በእርግዝና ጊዜ ደም የሚያንቀሳቅሱ ዕፆችን የቻይና ሐኪሞች ራሳቸው ይከለክላሉ።

መርፌውስ?

አኩፓንክቸር መድኃኒት አይወጋም፤ መርፌዎቹ ቀጫጭንና ባዶ ናቸው። ከጉልበት ሎሚ በታች አራት ጣት ወርዶ በውጭ በኩል ያለው ዙ ሳን ሊ ለጣፊያ፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አራት ጣት ከፍ ብሎ ያለው ሳን ዪን ጂያኦ ለወር አበባ፣ በቅልጥም ውጭ በኩል መሀል ላይ ያለው ፌንግ ሎንግ ለአክታ ይወጋሉ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ይቆያሉ፣ አንዳንዴም ቀላል ኤሌክትሪክ ይገናኛቸዋል። ሳን ዪን ጂያኦ በእርግዝና ጊዜ እንዳይነካ ባህሉ ያስጠነቅቃል። መርፌው በፊትዎ ከታሸገበት የሚከፈትና ከአንድ አገልግሎት በኋላ የሚጣል መሆን አለበት፤ ካልሆነ የጉበት ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ታዲያ ይሠራል?

እስካሁን ጠንካራ የሚባለው ፈተና የተካሄደው በቻይና ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ በወጣ ጥናት ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ያለባቸውና ልጅ የሚፈልጉ 1000 ሴቶች በ21 ቦታዎች ተሳትፈዋል። እውነተኛ አኩፓንክቸር ከማስመሰያ መርፌ ጋር፣ እንቁላል የሚያስወጣው ክሎሚፊን ከማስመሰያ ክኒን ጋር ተነጻጸሩ። ክሎሚፊን የወሰዱት በእውነተኛው መርፌ 29.4 በመቶ፣ በማስመሰያው 28 በመቶ በሕይወት ወለዱ። ያለ ክሎሚፊን ደግሞ በእውነተኛው 13.9፣ በማስመሰያው 16.8 በመቶ። ክኒኑ ሠራ፤ መርፌው ለመውለድ አልጨመረም።

ሁዋንግ ሊያን ከሚባለው ቢጫ ሥር የሚወጣው በርበሪን በሌላ ትልቅ የቻይና ጥናት ሲፈተን፣ በርበሪን ብቻ ከወሰዱት 22 በመቶ፣ እንቁላል የሚያስወጣውን ሌትሮዞል የተባለ ክኒን ከወሰዱት 36 በመቶ፣ ሁለቱን ከወሰዱት 34 በመቶ ወለዱ። የዕፅ ድብልቆችን በተመለከተ ብዙ ትናንሽ ጥናቶች ጥሩ ውጤት ይዘግባሉ፤ የአሠራር ጥራታቸው ደካማ ስለሆነ ግን ለመውለድ መርዳታቸውን ለማረጋገጥ አይበቁም።

ይህ ከቻይና ዕፅ ምንም አይወጣም ማለት አይደለም። ለወባ የምንወስደው ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር የተገኘው ከቻይና ጥንታዊ የወባ ዕፅ ነው፤ ግኝቱን የመራችው ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብላለች። ያ ዕፅ ዓለምን ያዳነው ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ መጠኑ ተወስኖ፣ በሕሙማን ላይ ተፈትኖ ነው።

ሁለቱም ሕክምናዎች የሚስማሙበት አለ፦ ክብደት ሲቀንስ ዑደቱ የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ከክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ለብዙ ሴቶች ልዩነት ያመጣል፤ 80 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። ለስላሳ መጠጥና በስኳር የተሞላ ሻይን መቀነስ፣ እራትን አለማምሸት፣ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ለኢንሱሊኑም «ለጣፊያውም» የሚሆን ምክር ነው።

የማቅጠኛ ሻይና ክኒን ለምን ያሰጋል?

በዚህ ርዕስ ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በብራሰልስ አንድ የማቅጠኛ ክሊኒክ የቻይና ዕፅ የተቀላቀለበት ክኒን ለሴቶች ይሰጥ ነበር። ሊገባ የታሰበው ፋንግ ጂ የተባለ ሥር ነበር፤ በስም መመሳሰል የገባው ግን ጉዋንግ ፋንግ ጂ ነው። ይህኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ መርዝ አለበት። ከመቶ በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ ብዙዎቹ የኩላሊት እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ አስፈለጋቸው። ቆይቶ ኩላሊታቸው ከወጣ 39 ታካሚዎች መካከል በ18ቱ የሽንት መተላለፊያ ካንሰር ተገኘ።

ሌላው አደጋ በዕፅ ስም የተደበቀ ፋብሪካ መድኃኒት ነው። ሲቡትራሚን የተባለው የምግብ ፍላጎት መቀነሻ ልብንና የደም ሥርን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በቻይና ከገበያ ወጥቷል፤ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» በተባሉ ክኒኖች ውስጥ ግን በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ማ ሁዋንግ የተባለውን ዕፅ ያካተቱ ማሟያዎችን አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 አግዳለች። ብዙዎቹ ማቅጠኛ ሻዮች ደግሞ ዋና ይዘታቸው ሰናመኪ ነው። ሰናመኪ ያስቀምጣል፤ በሚዛን ላይ የሚታየው ቅናሽ ውኃና ሰገራ እንጂ ስብ አይደለም። ከባድ ተቅማጥ የእርግዝና መከላከያ ክኒንንም ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ ይችላል።

የቻይና ሕክምና መሞከር የምትፈልግ ሴት ምን ታድርግ?

የምርመራ ውጤቶችዎንና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ። የእያንዳንዱን ዕፅ ስምና ግራም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ «ምስጢር ነው» የሚል ካለ ከዚያ ይውጡ። ስም የሌለው ከረጢት ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ የተሸጠ ክኒን አይውሰዱ። ሐኪም ያዘዘልዎትን ሜትፎርሚን (የስኳር መድኃኒት)፣ የታይሮይድ ወይም የግፊት መድኃኒት በራስዎ አያቁሙ። ከመጀመርዎ በፊትና ከወር በኋላ ጉበትና ኩላሊት በደም ምርመራ ይታዩ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ፊትና እግር ካበጠ ዕፁን በዚያኑ ቀን አቁመው ሆስፒታል ይሂዱ።

የቻይና ባለሙያዎች ለውጥን የሚለኩት ብዙውን ጊዜ በሦስት ዑደት ነው። በሦስት ወር ውስጥ የወር አበባ ጨርሶ ካልመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የማሕፀን ሐኪም ፕሮጄስትሮን መሰል መድኃኒት ለጥቂት ቀናት ሰጥቶ ሽፋኑ እንዲረግፍ ማድረግ ይችላል። በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ደም ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ፣ የወር አበባ ቀርቶ በአንድ ጎን ብርቱ የሆድ ሕመም ከመጣ፣ ወይም ካረጡ በኋላ ደም ከታየ ግን ሦስት ወር ቀርቶ ሦስት ቀንም አይጠበቅም።